ትንበያው ሌላ፣ ሪፉ ሌላ፦ ለክፍት ባሕር የተጋለጠ ሪፍ ላይ ሰርፍ ለሚያደርጉ ችግርና መፍትሄ

ሰርፍ ለማድረግ፣ ማለትም በቦርድ ሞገድ ለመጋለብ ወጥተን፣ የሞገድ ትንበያ አፑ 2 ሜትር ብሎ ባሕሩ ጸጥ ሲል፣ ወይም 1 ሜትር ተኩል ብሎ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ሞገድ ሲመጣ፣ ስድቡ የሚያርፈው ትንበያው ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ያለ ጥፋቱ ነው። ትንበያው የሚሰላው ለክፍት ባሕር ነው። የኮምፒውተር ሞዴሉ ውቅያኖሱን በኪሎ ሜትር በሚለኩ ሰፋፊ አራት ማዕዘኖች ይከፋፍለዋል። የእናንተ ሪፍ፣ ማለትም ሞገዱ የሚሰበርበት ከውኃ በታች ያለው አለት፣ በዚያ ውስጥ ጭራሽ ላይታይ ይችላል። ከክፍቱ ባሕር እስከ ሪፉ ያለውን ሒሳብ መሥራት የእኛው ድርሻ ነው።

ደስ የሚለው ነገር፣ ሪፍ ኮራል ወይም ቋጥኝ ነው። አሸዋማ ዳርቻ ከአንድ ማዕበል በኋላ ወለሉ ይቀየራል፤ ሪፍ ግን ቦታውን አይለቅም። ጠባዩን አንዴ ካወቃችሁት ለዓመታት ያገለግላችኋል።

ሁለት ቃላት ደጋግሜ እጠቀማለሁ። ስዌል የምለው ሩቅ ባሕር ላይ የተነሳ ማዕበል (ኃይለኛ ነፋስ) ፈጥሮት ተጉዞ የሚደርሰውን ሞገድ ነው። ፔሬድ ደግሞ አንዱ ሞገድ ካለፈ በኋላ ቀጣዩ እስኪመጣ ያለው ሰከንድ ነው።

አፑ 2 ሜትር ይላል፣ የሚጋለብ ሞገድ ግን የለም

መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ድምር ቁጥሩ ነው። ብዙ አፖች ፊት ለፊት የሚያሳዩት ስዌሉንና እዚያው አካባቢ ነፋስ ያነሳውን ሞገድ ደምረው ነው። ድምሩ ደግሞ ተራ መደመር አይደለም፤ የየራሳቸው ቁመት በራሱ ተባዝቶ፣ ተደምሮ፣ ከዚያ ስኩዌር ሩቱ ይወሰዳል። ስለዚህ 1.9 ሜትር የነፋስ ሞገድና 0.6 ሜትር ስዌል አንድ ላይ 2 ሜትር ይሆናሉ። ቁጥሩ ልክ ነው። ሪፉ ላይ የሚረባው ግን ያቺ 0.6 ብቻ ናት። የቀረው ግርግር ነው።

መፍትሄው ድምሩን ትቶ ዝርዝሩን መክፈት ነው። እያንዳንዱ ስዌል ቁመቱ፣ ፔሬዱና አቅጣጫው ለብቻው ተጽፎ ታገኛላችሁ። ፔሬዱ ከ8 ሰከንድ በታች ከሆነ በአብዛኛው የቅርብ ነፋስ ሥራ ነው። 10 እና 12 ሲል ነገሩ መልክ ይይዛል። ከ14 በላይ ሲሆን ከሩቅ የመጣ፣ ጉልበት ያለው ስዌል ነው።

ዝርዝሩም ጥሩ ሆኖ ባሕሩ ከተኛ አቅጣጫውን ተመልከቱ። የስዌል አቅጣጫ የሚነገረው ከመጣበት ነው፤ 200 ዲግሪ ማለት ከደቡብ ትንሽ ወደ ምዕራብ ካለው በኩል ይመጣል ማለት ነው። የሳተላይት ካርታ ክፈቱና ከሪፉ ተነስታችሁ በዚያ አቅጣጫ ወደ ባሕሩ መስመር ዘርጉ። መስመሩ ደሴት ወይም የመሬት አፍንጫ ከነካ ስዌሉ እዚያ ቀርቷል። ለክፍት ባሕር የተጋለጠ ሪፍ እንኳ በሁሉም በኩል ክፍት አይደለም። ከየት እስከ የት ክፍት እንደሆነ በዲግሪ ጽፋችሁ ያዙት፤ ይህንን ሳያውቁ ትንበያ ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ ምናልባት ስዌሉ ገና መንገድ ላይ ነው። ፍጥነቱን መገመት ቀላል ነው፤ ፔሬዱን በ2.8 አባዙት፣ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ይነግራችኋል። ማዕበሉ ከ2,000 ኪሎ ሜትር ላይ ቢነሳ፣ 18 ሰከንዱ በ40 ሰዓት ገደማ ይደርሳል። 12 ሰከንዱ ግን ወደ 60 ሰዓት ይፈጅበታል። አንድ ማዕበል የወለዳቸው ሞገዶች በ20 ሰዓት ልዩነት ተቀዳድመው ይደርሳሉ ማለት ነው። እግረ መንገዳችሁን የትንበያው ሰዓት የሪፉ አካባቢ ሰዓት መሆኑን ወይም ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) መሆኑን አረጋግጡ። ብዙ “የቀረ” ስዌል በሰዓት ስህተት የቀረ ነው።

ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ የሚመጣው ግን ያስፈራል

እዚህ ላይ ረጋ እንበል፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው።

ምክንያቱ ፔሬድ ነው። የሞገድ ጉልበት ወደ ታች ይዘልቃል። 10 ሰከንድ ያለው ሞገድ ወለሉ የሚሰማው ጥልቀቱ 78 ሜትር ገደማ ሲሆን ነው። የ16 ሰከንዱ ግን ከ200 ሜትር ጀምሮ ወለሉን ይነካል። ስለዚህ ቀድሞ ይታጠፋል፣ ጉልበቱን ጥልቀት ወደሌለው ቦታ ይሰበስባል፣ ሪፉ ላይ ሲደርስ ቁመት ይጨምራል። ፊቱን ወደ ስዌሉ ባዞረ፣ ከጥልቅ ባሕር ድንገት በሚነሳ ሪፍ ላይ አፑ ከሰጠው ቁመት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። የ2024 ኦሎምፒክ የሰርፍ ውድድር የተካሄደበት የታሂቲው ቴአሁፖ የዚህ ዓይነት ነው። ሞገዱ ከማደግ አልፎ እየወፈረ ይመጣል፣ ከፊቱ ያለውን ውኃ ከሪፉ ላይ ጠርጎ ወደ ራሱ ይስባል።

ሁለተኛው ምክንያት “ቁመት” የሚባለው ቁጥር ራሱ ነው። ትንበያው ላይ ያለው ከሞገዶቹ ውስጥ ከፍተኛው አንድ ሦስተኛ ተወስዶ የወጣ አማካይ ነው። አማካይ ስለሆነ ከእሱ የሚበልጡ አሉ ማለት ነው። ለብዙ ሰዓት ከቆያችሁ የዚያን እጥፍ የሚጠጋ አንድ ሞገድ ማየታችሁ አይቀርም።

ሦስተኛው አታላዩ ነው። አዲስ ስዌል ሲገባ ቀድመው የሚደርሱት ባለረጅም ፔሬዶቹ ናቸው። በጣም ጥቂት ናቸው፤ በመሃላቸው ያለው ፋታ ረጅም ነው። ደርሳችሁ ስታዩ ባሕሩ መስታወት ይመስላል። ትገባላችሁ። ከዚያ አድማሱ ላይ ጥቁር መስመር ይታያል፣ ከኋላው ሌላ፣ ከኋላው ሌላ። ዙሩ፣ ማለትም ተከታትለው የሚመጡት ትልልቅ ሞገዶች፣ ሲደርስ እናንተ ሪፉ ፊት ለፊት ናችሁ።

መፍትሄው ትዕግሥት ነው። ቦርዱን አስቀምጣችሁ ቢያንስ 20 ደቂቃ ቁሙ፤ ፔሬዱ ከ15 በላይ ከሆነ ግማሽ ሰዓት። ትልቁ ዙር የት እንደሚሰበር፣ ስንት ሞገድ እንዳለው፣ ነጩ አረፋ የት ድረስ እንደሚሄድ እዩ። በአቅራቢያው ተንሳፋፊ የባሕር መለኪያ ካለ ንባቡን ክፈቱ፤ እሱ የሚናገረው ግምቱን ሳይሆን የለካውን ነው። ፔሬዱ ከ9 ወደ 17 ዘሎ ቁመቱ ገና ካልጨመረ፣ ትልቁ ገና እየመጣ ነው።

ጠዋት አሪፍ ነበር፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ጠፋ

ነፋሱ ካልተቀየረ የባሕር ሙላትና ጉድለት ነው። ሞገድ የሚሰበረው የውኃው ጥልቀት የራሱን ቁመት 1.3 ጊዜ ያህል ሲሆን ነው። 1 ሜትር ተኩል ያለው ሞገድ 2 ሜትር ገደማ ውኃ ይፈልጋል። ባሕሩ ሲሞላ ያው ሞገድ ሪፉን ሳይነካ አልፎት ይሄዳል፣ ወደ ውስጥ ገብቶ እንደ ነገሩ ይፈርሳል። ሲጎድል ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሞገዱ ይቆማል፣ ይጎብጣል፣ ከሥሩ ኮራሉ ይታያል።

ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው፤ በቀን አንዴ ብቻ የሚሞላባቸው ባሕሮችም አሉ። ለውጡ ግን እኩል አይደለም። ከሙላት እስከ ጉድለት ባሉት ስድስት ሰዓታት ውስጥ ሦስተኛውና አራተኛው ሰዓት ብቻቸውን የለውጡን ግማሽ ይወስዳሉ። “አሁን ጥሩ ነበር እኮ” የሚባለው ብዙ ጊዜ በእነዚህ ሁለት ሰዓታት ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ ይሰፋል፣ በመሃል ይጠብባል። ጥሩ የነበረው ሰዓት በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል።

አንድ ወጥመድ አለ። የሙላትና ጉድለት ሠንጠረዡ 0.3 ሜትር ሲል ሪፉ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ውኃ አለ ማለት አይደለም። ዜሮ የተባለው ለካርታ የተመረጠ መነሻ ነው፤ ከሪፋችሁ ጋር ዝምድና የለውም። የአየር ግፊትም ጣልቃ ይገባል፦ ግፊቱ በ1 ሄክቶ ፓስካል ሲወርድ ባሕሩ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ኃይለኛ ዝቅተኛ ግፊት ሲያልፍ 30 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ቀላል ነው።

ስለዚህ የራሳችሁን ምልክት ያዙ። ዳር ላይ የማይነቃነቅ አንድ ቋጥኝ ምረጡ። ውኃው የቱ ስንጥቅ ላይ ሲደርስ ሪፉ እንደሚሠራ፣ የቱ ላይ ሲወርድ መውጣት እንዳለባችሁ ልብ በሉ። ከሠንጠረዡ በላይ የምትታመነው ያቺ ምልክት ናት።

ስዌሉ አለ፣ የሞገዱ ፊት ግን ተበላሽቷል

ነፋስ ነው። ከባሕር ወደ የብስ ሲነፍስ የሞገዱን ጀርባ ይገፋዋል፣ ሳይደርስ ይሰበራል፣ ፊቱ ይጨማደዳል። ፀሐይ የብሱን ስታሞቅ ይህ ነፋስ ከረፋድ ጀምሮ በራሱ ጊዜ ይነሳል። ሌሊቱን የብሱ ስለሚቀዘቅዝ ንጋት ላይ ነፋሱ ይተኛል፣ ወይም ከየብስ ወደ ባሕር ይሆናል። ማልዶ መነሳት የሚያዋጣው ለዚህ ነው፤ የእንቅልፍ ወዳጆች ይቅር በሉኝ።

ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍሰው ሞገዱን ደግፎ ያቆመዋል፣ ፊቱን ያለሰልሰዋል። ሲበዛ ግን ሌላ ችግር ያመጣል። 20 ኖት (በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ገደማ) ሲጠጋ ርጭቱ ዓይን ይጋርዳል፣ ነፋሱ ከቦርዱ ሥር ገብቶ ያንሳፍፋችኋል፣ ሞገዱ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላችሁ ትቀራላችሁ። ያኔ ደረታችሁን ዝቅ አድርጉ፣ “ያዝኩት” ካላችሁ በኋላ ሁለት ጊዜ ጨምራችሁ ቅዘፉ፣ ከዚያ ተነሱ።

ትንበያውን ስታዩ የሰዓት በሰዓቱን ክፈቱ፤ የቀኑ አማካይ ምንም አይጠቅምም። የነፋስ አቅጣጫም ስሙ የመጣበት ነው፣ አንዳንድ አፕ ላይ ግን ቀስቱ የሚያሳየው የሚሄድበትን ነው። አንዴ አረጋግጡ።

ከዳር እስከ ዳር በአንዴ ይደረመሳል

ስዌሉ ከሪፉ ጠርዝ ጋር ትይዩ ሆኖ ሲመጣ የሚሸሽበት ትከሻ (ገና ያልተሰበረ የሞገዱ ጎን) አይኖረውም። ፔሬዱ በጣም ሲረዝምም እንዲሁ ነው፤ መስመሩ ለሪፉ ይሰፋዋል። 10 እና 15 ዲግሪ ለውጥ አንዳንድ ሪፍ ላይ ሁሉን ይቀይረዋል፣ ስለዚህ የሠራበትን ቀን አቅጣጫ መዝግቡ። በዚያው ቀን ማድረግ የምትችሉት ከሪፉ አጠገብ ወዳለው ጥልቅ ቦይ ጠርዝ መጠጋትና ጫፍ ያለውን ሞገድ ብቻ መምረጥ ነው። ካልተገኘ ወደ ቤት። ቴአሁፖ ላይ የዓለም ምርጦች ተሰብስበው እንኳ ሁኔታው ስላልተስማማ የኦሎምፒኩ ውድድር ተራዝሟል።

እቀዝፋለሁ፣ ወደ ኋላ እሄዳለሁ

ሞገድ ሪፉን አሻግሮ የጣለው ውኃ የሆነ ቦታ መውጣት አለበት። የሚወጣው በጥልቁ ቦይ ነው። ስዌሉ ሲያድግና ባሕሩ ሲጎድል ፍሰቱ ይበረታል። ወደ መጠበቂያው (ሞገድ ወደሚጠበቅበት ቦታ) ስትወጡ ይህ ፍሰት ነፃ መጓጓዣ ነው፤ ስትመለሱ ግን ፊት ለፊት አትታገሉት። ወደ ጎን ውጡ፣ ከዚያ የፈረሰ ሞገድ አረፋ ላይ ሆናችሁ ግቡ። መጠበቂያ ላይ ስትቀመጡ ዳር ላይ ሁለት ነገሮች አሰልፉ፦ የፊተኛው ዛፍ፣ ከኋላው ጣሪያ። መስመሩ ከተዛነፈ እየተወሰዳችሁ ነው። ብዙ ሰው ይህንን የሚያውቀው ሞገዱ ራሱ ላይ ሲደረመስ ነው።

ትናንሾቹ

ውኃው አንድ ቦታ ላይ የሚፈላ ይመስላል፦ ከሥሩ ጉብ ያለ ኮራል አለ። እዚያ አትውደቁ፣ ከወደቃችሁም ጠፍጣፋ ሆናችሁ ውደቁ። በጭንቅላት መጥለቅ በፍጹም።

ሞገዱ በሁለት አቅጣጫ ይመጣል፣ አንዳንዱ ድንገት ሹል ሆኖ ይነሳል፦ ሁለት ስዌል ተገናኝተዋል። አንዱ እስኪደክም ጠብቁ።

ኮራል ቆረጣችሁ፦ በንጹሕ ውኃና በሳሙና እጠቡ፣ የቀረ ስብርባሪ ካለ አውጡ። ትንሽ ጭረት እንኳ ያመረቅዛል። ከቀላ፣ ካበጠ፣ ከሞቀ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ከኃይለኛ ዝናብ በኋላ ውኃው ደፈረሰ፦ ጎርፉ ከየብስ ያመጣው ቆሻሻ ውስጥ ነው። ሦስት ቀን ያህል ራቁ፣ በተለይ የወንዝ አፍ ቅርብ ከሆነ።

ትንበያው በየቀኑ ይለዋወጣል

ሞዴሎቹ በቀን ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ ይሰላሉ፤ የአሜሪካው የአየር ትንበያ ሞዴል ጂኤፍኤስ በየስድስት ሰዓቱ ነው። ከአንድ ሳምንት በላይ ያለው ለወሬ ነው። ማዕበሉ ገና ያልተፈጠረ ከሆነ፣ የሚወልደው ስዌል ቁጥር ቢለዋወጥ አይግረማችሁ። ማዕበሉ ከተፈጠረና ከተለካ በኋላ ግን ስዌሉ በደንብ ይተነበያል። ያኔም የሚያስቸግረው የአካባቢው ነፋስ ነው፤ እሱን ከዋዜማው በፊት አትመኑት።

ነጎድጓድ ከሰማችሁ ግን ትንበያ አትመልከቱ። ውጡ። የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላም አትመለሱ፤ ሞገዱ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን።