ተጎድቻለሁ፤ ኮርሱን ልጣል ወይስ ልቀጥል? ሲወስኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቀኝ እጄ የተሰበረው ሴሚስተሩ በተጀመረ በአምስተኛው ሳምንት ነው። ደረጃ ላይ አዳለጠኝና በእጄ ተደግፌ ወደቅሁ። ያኔ ባለ 3 ክሬዲት አምስት ኮርሶች ይዤ ነበር። አንዱ በእርሳስና በማስመሪያ የሚሠራ ቴክኒካል ድሮዊንግ ነው። ሌላው ንባብ የሚበዛበት ሶሲዮሎጂ። ጫና ለመቀነስ አንዱን መጣል ነበረብኝ፤ የጣልኩት ሶሲዮሎጂውን ነው። ይሰለቸኝ ነበራ! ድሮዊንጉን ግን ስለምወደው ያዝኩት። ኤፍ አገኘሁበት።

ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች ግማሾቹ የራሴ ናቸው። የቀሩትን ከእኔ በኋላ የተጎዱ ጓደኞቼ ሲሠሯቸው አይቻለሁ።

ሕመሙን ማየት፣ ኮርሱን መርሳት

"ያመኛል" ወይም "ተሽሎኛል" ብቻውን ውሳኔ አይሆንም። መጠየቅ ያለባችሁ ሁለት ነገር ነው። ጉዳቱ ምን ከለከለኝ? ከኮርሱ የቀረውስ ምን ይፈልጋል? የኮርስ አውትላይኑን አውጡና ከዛሬ ወዲያ ያለውን ብቻ ተመልከቱ። ስንት ላብ ቀረ? ስንት የጽሑፍ ሥራ? ፋይናሉ ከመቶ ስንት ይይዛል? ከዚያ በእያንዳንዱ አጠገብ "በዚህ ሰውነቴ እችለዋለሁ" ወይም "አልችለውም" ብላችሁ ጻፉ።

እግሩ የተሰበረ ሰው ካልኩለስ መማር አያቅተውም፤ የመስክ ሥራ ያለበት ጂኦሎጂ ግን ያቅተዋል። ወገቡን የታመመ ሰው አልጋው ላይ ሆኖ ያነባል፤ ላብ ውስጥ ሦስት ሰዓት መቆም ግን አይሆንለትም።

ከሁሉም የሚያታልለው የጭንቅላት ጉዳት ነው። ጄሶ የለው፣ ክራንች የለው። ሰው ሲያያችሁ ደህና ናችሁ። ከኮንከሽን (ጭንቅላት ሲመታ አንጎል ላይ ከሚደርስ መናወጥ) በኋላ በተለምዶ የሚመከረው አንድ ሁለት ቀን አርፎ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ሥራ መመለስ ነው። ብዙ አዋቂዎች በሁለት ሳምንት ገደማ ይሻላቸዋል፤ ከወር በላይ የሚቆይባቸውም አሉ። አንድ ጓደኛዬ ኳስ ሲጫወት ከሌላ ተጫዋች ጋር በጭንቅላት ተጋጨና በሳምንቱ ክፍል ተመለሰ። ክፍል ውስጥ ምንም አልሆነም። ማታ ግን አንዱን ገጽ አራት ጊዜ አንብቦ ምን እንዳነበበ አያውቅም። ላፕቶፕ ሲከፍት ራሱን ይፈልጠዋል። እሱ ቢሆን ሶሲዮሎጂውን ጥሎ ድሮዊንጉን ቢይዝ ያዋጣው ነበር። ለእኔ ደግሞ በተቃራኒው።

የሐኪሙን "ስድስት ሳምንት" እንደፈለጉ መተርጎም

ሐኪሙ "በስድስት ሳምንት ይፈታል" አለኝ። እኔ የሰማሁት "በስድስት ሳምንት ትሥላለህ" ብሎ ነው። እሱ የተናገረው ስለ ጄሶው ነበር። ጄሶው በመጋዝ ተከፍቶ ሲወልቅ ከሥሩ የወጣው እጅ የእኔ አይመስልም። ቀጥኗል፤ ቆዳው ይፈረፈራል፤ አንጓው አልታጠፍም ብሏል። የዚያን ቀን ማታ እርሳስ ያዝኩ። የጣት ያህል መስመር ሳላሰምር እርሳሱ ከጣቶቼ መሃል ሾልኮ ወደቀ። ፊዚዮቴራፒ ደግሞ ገና አልጀመርኩም።

ስለዚህ ሐኪሙን "መቼ እድናለሁ?" አትበሉት። "ሁለት ሰዓት ሙሉ መጻፍ የምችለው መቼ ነው?" "ያለ ክራንች ደረጃ የምወጣው መቼ ነው?" በሉት። ስብራትም እንደ ቦታው ነው። የጣት ስብራት በሳምንታት ሲገጥም የቅልጥም አጥንት ወራት ይፈልጋል። እጅ አንጓ ላይ ያለው ስካፎይድ የሚባል ትንሽ አጥንት ደግሞ ደም እንደልብ ስለማይደርሰው ቶሎ አይገጥምም።

"እስቲ ትንሽ ልየው" እያሉ ቀኑን ማሳለፍ

በብዙ ኮሌጆች በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሳምንታት የተጣለ ኮርስ ትራንስክሪፕት ላይ አይታይም። ከዚያ በኋላ የተቋረጠ ደብሊው (W፣ "አቋርጧል" ማለት ነው) ይጻፍበታል። የዊዝድሮው፣ ማለትም ኮርስ የማቋረጫው፣ የመጨረሻ ቀን ካለፈ ግን የሚጠብቃችሁ ያው ግሬዱ ነው። የእኛ የመጨረሻ ቀን አሥረኛው ሳምንት ላይ ነበር። ጄሶዬ የተፈታው በአሥራ አንደኛው።

ቀኑን ከአካዳሚክ ካላንደሩ ላይ ፈልጉና የራሳችሁን የውሳኔ ቀን በአንድ ሳምንት አስቀድሙ። ያ ሳምንት ለፊርማ ነው። አድቫይዘሩ ሊታጣ፣ ፎርሙ ሊመለስ ይችላል።

ክፍል መቅረትም ኮርስ መጣል አይደለም። ፎርም ካልሞላችሁ ስማችሁ ዝርዝሩ ላይ እንዳለ ነው፤ መጨረሻ ላይ ኤፍ ይሞላበታል።

ደብሊውን እንደ ነውር መቁጠር

እኔ ላይ የሆነውን በቁጥር ላሳያችሁ። ሶሲዮሎጂውን ስጥል 12 ክሬዲት ቀረኝ። ከአራቱ ኮርሶች በሦስቱ ቢ አመጣሁ፣ በድሮዊንጉ ኤፍ። ቢ ለአንድ ክሬዲት 3 ነጥብ ነው፤ ስለዚህ 27 ነጥብ ለ12 ሲካፈል 2.25 ነው። ድሮዊንጉን ጥዬ ሶሲዮሎጂው ላይ ቢ ባመጣ ኖሮ 36 ለ12፣ ማለትም 3.0 እሆን ነበር። ክሬዲቱ ያው፣ ስብራቱም ያው። ደብሊው በተለምዶ ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ውስጥ አይገባም፤ ኤፍ ግን ዜሮ ሆኖ ይገባል። ትራንስክሪፕት ላይ ደብሊው ከተደራረበ ጠያቂ ይመጣል፤ ለአንዲት ደብሊው ግን "እጄ ተሰብሮ ነበር" ማለት ይበቃል።

ሁሉንም ጠራርጎ መጣል

ይኼ ደግሞ ሌላኛው ጫፍ ነው። አንዳንዱ ተናዶ አምስቱንም ይጥላል። ከሙሉ ጊዜ ተማሪነት ሲወርድ ስኮላርሺፑ፣ ዶርሙ፣ የትምህርት ብድሩ፣ ከአገሩ ውጭ የሚማር ከሆነም ቪዛው ሊነካ ይችላል። ሴሚስተሩ በገፋ ቁጥር የሚመለሰው ክፍያም እየሳሳ ይሄዳል። እነዚህን ፎርሙ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ በአንድ ጠይቁ። ከፈረሙ በኋላ መመለስ አበሳ ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ አለመጠየቅ

እኔ መጣልና መቀጠል ብቻ ያሉ ይመስለኝ ነበር። ተጨማሪ የፈተና ሰዓት፣ የሚጽፍላችሁ ሰው፣ ሌክቸር መቅዳት፣ በድምፅ መተየብ፣ ላመለጠው የሚሰጥ ሜክአፕ ፈተና፣ ሕንጻው ላይ መውጣት ለማይችል ምድር ቤት የሚሰጥ ክፍል፤ ይኼ ሁሉ ይጠየቃል። ካልጠየቃችሁ ግን ማንም አምጥቶ አይሰጣችሁም።

ኢንኮምፕሊትም አለ፤ ግሬዱ ለጊዜው ሳይሞላ ቆይቶ የቀረውን ሥራ በኋላ መጨረስ ማለት ነው። አብዛኛውን ሥራ ጨርሶ መጨረሻ ላይ ለተጎዳ ሰው ነው የሚሰጠው። ፋይናል ሲቃረብ ለተሰበረች ልጅ ሸጋ ነገር ነው፤ ለእኔ ዓይነቱ በአምስተኛው ሳምንት ለወደቀ ግን ብዙም አይሆንም። ቀነ ገደብም አለው። በጊዜው ካልተሟላ ብዙ ቦታ ወደ ኤፍ ይቀየራል። ሦስት ኢንኮምፕሊት ይዞ አዲስ ሴሚስተር የሚጀምር ሰው ስምንት ኮርስ እንደያዘ ይቁጠረው።

ምንም የማይናገር የሐኪም ወረቀት ይዞ መሄድ

"የራዲየስ አጥንት ስብራት" የሚል ወረቀት ለሬጅስትራር ሠራተኛ ምንም አይነግረውም። "በቀኝ እጁ ለ10 ሳምንት መጻፍም መሣልም አይችልም" የሚል ግን ሥራ ይሠራል። ጉዳቱ የደረሰበት ቀን፣ ምን እንደማትችሉ፣ እስከ መቼ እንደሆነ ይጻፍበት። በሕክምና ምክንያት ማቋረጥ ለብቻው ፎርም ያለው ኮሌጅ ብዙ ነው፤ ቀኑ ካለፈ በኋላም የሚቀበል አለ። እኔ ይህን የሰማሁት ኤፉ ከተለጠፈ ከአንድ ሴሚስተር በኋላ ነው። ወረቀቴ ደግሞ ስብራቱን እንጂ አለመጻፌን አይናገርም ነበር።

በአደጋው ማግስት መወሰን

ጠንከር ያለ ማስታገሻ ያደነዝዛል፤ እንቅልፍ ያመጣል። በዚያ ላይ ጠያቂው ሁሉ መካሪ ነው። አንዱ "ጤናህ ይቅደም፣ ተወው" ይላል፤ ሌላው "በርታ፣ በግራህም ቢሆን ጻፍ"። ሁለቱም አውትላይኑን አላዩትም። ሁለት ሦስት ቀን አሳድሩት።

ኮርሱ መቼ ተመልሶ እንደሚሰጥ ሳያዩ መጣል

ሶሲዮሎጂው በየሴሚስተሩ ይሰጥ ነበር። ድሮዊንጉ በዓመት አንዴ። ከዚያም የሚብሰው፣ ለሁለት ሌሎች ኮርሶች ፕሪሪኩዊዚት (ቀድሞ መወሰድ ያለበት) መሆኑ ነው። እንዲህ ዓይነት ኮርስ ከመጣሉ በፊት ዲፓርትመንቱን "ሌላ ቦታ ወስጄ ማምጣት እችላለሁ ወይ? ተከታዩን አብሬው ልውሰድ ትፈቅዱልኛላችሁ ወይ?" ማለት ነው። እኔ በዓመቱ ድሮዊንጉን እንደገና ስወስድ ጠይቄ ከሁለቱ ተከታዮች አንዱን አብሬው እንድወስድ ፈቀዱልኝ። መልሱን ለማግኘት የፈጀብኝ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው።