ወላጅ ሳንባውን ኦፕራሲዮን ሲሆን፦ ከውጭ ሆናችሁ ስለ ህመሙ ምን ትጠይቃላችሁ?

የቆየ ቲቢ ወይም ዕጢ ያበላሸው የሳንባ ክፍል ይቆረጥ ሲባል፣ ውጭ ያለን ልጆች ቀድመን የምንጠይቀው "ስንት ብር ያስፈልጋል?" ብለን ነው። ብሩ ይደርሳል። የሚረሳው ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ያለው ህመም ነው።

የደረት ቁስል እረፍት የለውም፤ በተነፈሱ ቁጥር ይንቀሳቀሳል። ሰው ሲያመው ትንፋሹን ያሳጥራል፣ ማሳል ይፈራል። አክታው ሳንባ ውስጥ ይቀርና የሳንባ ምች ሊከተል ይችላል። ማስታገሻው እንግዲህ ራሱ ሕክምና ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ነርቭን ስለማቀዝቀዝ ሰምታችሁ ይሆናል። ሐኪሙ በኦፕራሲዮኑ ጊዜ ከየጎድን አጥንቱ ሥር ያለውን ነርቭ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ ብርድ ያደነዝዘዋል። አንዱ ነርቭ ሁለት ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል። የነርቩ ሽፋን ስለማይፈርስ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ተመልሶ ያድጋል፤ እስከዚያ ደረቱ ደንዝዞ ይቆያል። ግን ወዲያው ሙሉ በሙሉ ስለማይሠራ ለመጀመሪያው ቀን ሌላ ማደንዘዣ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ሰው ላይ ደግሞ የማቃጠል ስሜት ይተዋል።

መኖሩን ጠይቁ፤ ከሌለ ግን "ካልተደረገልን" ብላችሁ ሐኪሙን አታስጨንቁ። በጀርባ በቀጭን ቱቦ የሚገባ ማደንዘዣ (ኤፒዱራል) አለ፣ የጎድን ነርቮችን በመርፌ ማደንዘዝም አለ። ከዚያ ፓራሲታሞል፣ ሲያስፈልግም ሞርፊን። ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው፦ "የመጀመሪያዎቹን ቀናት ህመሙን በምን ትይዙታላችሁ? ሌሊት ሲብስባቸውስ ማን ይጠራል?" ይህን ከኦፕራሲዮኑ በፊት ለማደንዘዣ ባለሙያው የሚያቀርብ አንድ ሰው ከቤተሰቡ ምረጡ። ከአምስት አገር አምስት ልጅ ሲደውል ሐኪሙም አስታማሚውም ይሰለቻሉ።

ጨጓራ ወይም ኩላሊት የሚያማቸው ከሆነ ቀድሞ ይነገር፤ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚባሉት ማስታገሻዎች ላይስማሟቸው ይችላሉ። ጠንካራ ማስታገሻ በመንገደኛ ሻንጣ አትላኩ። ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት ነው፣ የያዘላችሁን ሰው ሊያሳስረው ይችላል። ገንዘቡን አጠገባቸው ለሚያድር አስታማሚ አውሉት።

ወላጆቻችን ስልክ ላይ "ደህና ነኝ፣ አታስቡ" ይላሉ። ልጄ በሰው አገር አይጨነቅብኝ ብለው ነው። ስለዚህ በቪዲዮ ደውሉና ትራስ ደረታቸው ላይ አቅፈው አንዴ እንዲያስሉ ለምኗቸው። ደህና አድርገው ከሳሉ ማስታገሻው እየሠራ ነው። ጀምረው ፊታቸውን አጨማድደው ካቆሙ፣ አስታማሚው ያኔውኑ ነርሷን ይጥራ። ትኩሳት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ደግሞ እስከ ጠዋት አይጠበቅም፤ ሐኪም ይጠራ።