ስትሮንግ አሲድና ዊክ አሲድ ላይ ነጥብ የሚያስጥሏችሁ ስህተቶች

12ኛ ክፍሎችን ኬሚስትሪ ሳስጠና አሲድና ቤዝ ላይ ስንደርስ የምትመጣዋን ጥያቄ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ አውቃታለሁ። «ቲቸር፣ ኤችሲኤል (ሃይድሮክሎሪክ አሲድ) ላይ ብዙ ውሃ ከጨመርንበት ዊክ (ደካማ) ይሆናል አይደል?»

አይሆንም። ኧረ በጭራሽ አይሆንም! ውሃ ሲጨመርበት የሚቀንሰው ኮንሰንትሬሽኑ ነው፣ ዳይሉት ሆነ ይባላል፣ አለቀ። ስትሮንግ ወይ ዊክ የምንለው ውሃ ውስጥ ከገቡት ሞለኪውሎች ስንቶቹ አዮናይዝ ሆኑ (ተለያይተው ኤች ፕላስ የሚባለውን አዮን ለቀቁ) የሚለውን አይተን ነው እንጂ ስንት ሞል ጨመርን ብለን አይደለም። ኤችሲኤል 0.1 ሞላር (በሊትር 0.1 ሞል) ሲሆን ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፣ ሲያንስ አሲድነቱ ይበልጣል) 1 ነው፣ ሺህ እጥፍ አቅጥናችሁ 0.0001 ሞላር ብታደርጉት ፒኤቹ 4 ይሆናል፣ ግን ያለችው ትንሽዬ ኤችሲኤል አሁንም በሙሉ አዮን ሆናለች፣ ስለዚህ አሁንም ስትሮንግ ነው። አሴቲክ አሲድን ደግሞ እዩት፣ ያው አቼቶ ውስጥ ያለው ማለት ነው፣ ውሃ የሌለበት ንጹሁ (ግላሻል የሚሉት) 17 ሞላር ገደማ ነው፣ ከዚህ በላይ ኮንሰንትሬትድ ላድርገው ብትሉም አይቻልም፣ ቆዳ ያቃጥላል፣ ግን ዊክ ነው። 0.1 ሞላሩ ፒኤቹ 2.87 አካባቢ ነው፣ ከመቶው ሞለኪውል አንዱ ምናምን አዮን ሲሆን ሌላው እንዳለ ቁጭ ብሏል።

የሚያስቀው ደግሞ ዊክ አሲድ ሲቀጥን አዮናይዝ የሚሆነው ፐርሰንት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። አሴቲክ አሲድ 0.1 ሞላር ላይ 1.3 ፐርሰንት የነበረው 0.001 ሞላር ላይ 12.5 ፐርሰንት አካባቢ ይደርሳል። እዚህ ጋ ደግሞ «እሺ፣ ታዲያ አሲድነቱ ጨመረ ማለት ነው» የሚል ይመጣል። አልጨመረም፣ ፐርሰንቱ ቢጨምርም ጠቅላላው አሲድ መቶ እጥፍ ስለቀነሰ ፒኤቹ ወደ 3.9 ወጥቷል። ኬኤው (አሲዱ ምን ያህል አዮናይዝ እንደሚሆን የሚያሳየው ቋሚ ቁጥር፣ ሲበልጥ አሲዱ ጠንካራ ነው) ግን ያው 1.8 × 10⁻⁵ ነው፣ ቴምፕሬቸሩን እስካልነካችሁት ድረስ ንቅንቅ አይልም። ጥንካሬ ማወዳደር የፈለገ ኬኤ ያወዳድር።

ፒኤች ብቻ አይቶ መፍረድም የዚሁ ዘመድ ነው። 0.001 ሞላር ኤችሲኤል ፒኤቹ 3 ነው፣ 0.1 ሞላር አሴቲክ አሲድ ደግሞ 2.87፣ ዝቅ ያለውን ስትሮንግ ነው ብሎ ያከበበ ወደቀ።

ሌላው ታይትሬሽን (አሲዱ እስኪያልቅ ቤዝ እየጨመሩ መለካት) ላይ «ዊክ ስለሆነ ትንሽ ቤዝ ይበቃዋል» የሚሉት ነገር ነው። 25 ሚሊ ሊትር የ0.1 ሞላር ኤችሲኤልም 25 ሚሊ ሊትር የ0.1 ሞላር አሴቲክ አሲድም የሚፈልጉት እኩል 25 ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ስትሮንጉ ብሩን ሁሉ ኪሱ ይዞ የሚዞር ሰው በሉት፣ ዊኩ ባንክ ያስቀመጠ፣ ቤዙ ደግሞ ባለዕዳውን የማይለቅ አበዳሪ፣ ሁለቱንም እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ያስከፍላል። ላብ ካላችሁ በሁለት ፍላስክ እኩል ሞላር እኩል መጠን አሲድ፣ ከበቂ በላይ ማግኒዥየም፣ አፋቸው ላይ ፊኛ አድርጉና እዩት። የኤችሲኤሉ እየተንጣጣ ወዲያው ፊኛውን ቀጥ ያደርገዋል፣ የአሴቲኩ በቀስታ ፊጭ ፊጭ ይላል፣ ተማሪው ስቆ ደብተሩ ላይ «ዊክ = ትንሽ ጋዝ» ብሎ ጽፎ ይወጣል። ቁጭ ብሎ ቢጠብቅ ሁለቱ ፊኛዎች እኩል ሲሆኑ ያይ ነበር። የተለየው ፍጥነቱ ነው።

ኢኩዊቫለንስ ፖይንት (አሲዱና ቤዙ እኩል የሚጨራረሱበት ነጥብ) ላይ ፒኤቹ ሁሌ 7 አይደለም፣ የላይኛው አሴቲክ 8.7 አካባቢ ነው የሚጨርሰው፣ ስለዚህ ኢንዲኬተሩ (ቀለም ቀይሮ መጨረሻውን የሚያሳየው) ፌኖልፍታሊን እንጂ ሜቲል ኦሬንጅ አይሆንም።

«ዊክ ነው፣ ምንም አያደርግም» የሚለውን ስሰማ ግን እናደዳለሁ። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ (ኤችኤፍ) ዊክ ነው፣ ብርጭቆ ይበላል፣ ለዛም ነው ፕላስቲክ ውስጥ የሚቀመጠው። ቆዳ ላይ ሲፈስ መጀመሪያ ላያማችሁ ይችላል፣ ፍሎራይዱ ግን ወደ ውስጥ ዘልቆ የሰውነትን ካልሲየም ይይዛል፣ ልብ እስከማቆም ይደርሳል። አደገኝነትና ስትሮንግነት አይገናኙም። እግረ መንገዴን፣ ፍሎሪን ኤሌክትሮኔጋቲቭ ስለሆነ ኤችኤፍ ከሁሉም ይበልጣል እንዳትሉ፣ ቦንዱ ጠንካራ ስለሆነ ሃይድሮጂኑን አይለቅም፣ ከኤችኤፍ፣ ኤችሲኤል፣ ኤችቢአርና ኤችአይ ኃይለኛው ኤችአይ ነው።

ሌላው ስህተት የሃይድሮጂን ብዛት ቆጥሮ ጥንካሬን መወሰን ነው፦ ፎስፎሪክ አሲድ ሦስት አለው፣ ዊክ ነው። ኤችሲኤል አንድ አለው፣ ስትሮንግ ነው።

ሰልፈሪክ አሲድ ላይ ደግሞ ዝም ብላችሁ በ2 አታባዙ። የመጀመሪያው ሃይድሮጂን ሙሉ በሙሉ ይወጣል፣ የሁለተኛው ኬኤ ግን 0.012 ነው፣ ስለዚህ 0.1 ሞላሩ ፒኤቹ 0.7 ሳይሆን 0.96 አካባቢ ነው።

እና ያቺ የታወቀች ወጥመድ፣ የ10⁻⁸ ሞላር ኤችሲኤል ፒኤች። ካልኩሌተሩ 8 ይላል፣ ልጁም 8 ብሎ ይጽፋል፣ ንጹህ ውሃ ላይ አሲድ ጠብ አድርጎ ቤዝ እንዳገኘ እንኳን አይታየውም። ውሃው ራሱ 10⁻⁷ ኤች ፕላስ አለው፣ እሱን አስገብታችሁ ስሩ፣ 6.98 ይመጣል።