አንጎል እጅን ከማንቀሳቀሱ በፊት የሚወስደውን ጊዜ በማስመሪያ እንዴት መለካት ይቻላል

ሐረር ጁገል ውስጥ፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ቆም ብሎ ያየ ሰው፣ ሰፊው ወደ ስፌቱ ጥግ ሲቃረብ ቀኝ እጁን አስቀድሞ መዘውሩ ላይ እንደሚያደርስ ያስተውላል። መርፌው ጨርቁን ወግቶ ሳለ ካልቆመ ጥጉ ይበላሻል፤ ስለዚህ እጁ ተዘጋጅቶ፣ ነገር ግን ሳይጫን፣ ጥቂት ስፌቶችን ያሳልፍና ልክ በቦታው መዘውሩን ይይዛል። እንዲህ ተዘጋጅቶ መጠበቅ አንጎል ውስጥ ምን እንደሚመስል ተመራማሪዎች ወደ 40 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በማግኔት ሲመረምሩት ቆይተዋል። የምርምሩን አካሄድ ቤት ውስጥ ሆኖ ለመከተል ግን ከእነዚሁ ሰፊዎች የተዋሱት የአንድ ሜትር የእንጨት ማስመሪያ ይበቃል።

አስቀድሞ ስለ ማግኔቱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የአንጎልን ወለል በኤሌክትሪክ መንካት አካልን እንደሚያንቀሳቅስ ጀርመናውያኑ ፍሪችና ሂትሲግ እ.ኤ.አ. በ1870 በውሻ ላይ አሳይተዋል። የራስ ቅል ሳይከፈት፣ ብዙም ሳያሳምም ይህንኑ በሰው ላይ ማድረግ የተቻለው ግን እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ በእንግሊዝ ሼፊልድ ከተማ አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ የመዳብ ጥምጥም ጭንቅላት ላይ አስቀምጠው፣ ከአንድ ሺሕኛ ሰከንድ በታች የሚቆይ ብርቱ ኤሌክትሪክ አሳለፉበት። በቅጽበት የሚለዋወጠው የማግኔት መስክ አጥንቱን አልፎ አንጎል ውስጥ አነስተኛ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ጥምጥሙ የእጅ እንቅስቃሴ በሚታዘዝበት ቦታ ላይ ከዋለ፣ ከ20 ሚሊ ሰከንድ ገደማ በኋላ የተቃራኒው እጅ ጣት ብድግ ይላል፤ የንዝረቱንም መጠን ጡንቻው ላይ የተለጠፉ ኤሌክትሮዶች ይመዘግባሉ። የክራርን አውታር ነካ አድርጎ ድምፁን በመስማት ምን ያህል እንደተወጠረ ማወቅ እንደሚቻል ሁሉ፣ ተመራማሪውም በአንድ ቅጽበት አንጎልን ነካ አድርጎ ወደ እጅ የሚወርደው መንገድ ምን ያህል እንደተዘጋጀ ያነባል። ይህን ክፍል ቤት ውስጥ ማንም ሊሞክረው አይገባም። የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ብረት ያለበት ወይም የልብ ምት አስተካካይ የተገጠመለት ሰው በቤተ ሙከራም ቢሆን በጥብቅ ይጣራል።

ደረጃ 1፦ ዝግጅት

ሁለት ተመሳሳይ የሜትር ማስመሪያዎች፣ ወረቀትና እርሳስ፣ እንዲሁም አንድ ጸሐፊ ያዘጋጁ። ተፈታኙ ክንዱን ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ፣ እጁን ከጠርዙ ውጭ አድርጎ፣ አውራ ጣቱንና አመልካች ጣቱን ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍቶ ይቀመጥ። እርስዎ ቆመው የማስመሪያውን ላይኛ ጫፍ ይያዙ፤ የዜሮው ምልክት ከተፈታኙ አውራ ጣት ላይኛ ጠርዝ ጋር እኩል ይሁን። ማስመሪያው ሲያመልጥ እንዳይሰበር ወለሉ ላይ ጨርቅ ማንጠፍ ይጠቅማል፤ የተዋሱት ዕቃ ከሆነ ደግሞ የግድ ነው።

በወረቀቱ ራስጌ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተፈታኙን እንቅልፍ፣ ቡና መጠጣቱንና ጫት መቃሙን ይጻፉ። በእኛ አገር ከቀትር በፊት የተለካውን ሰው ከበርጫ በኋላ ከተለካው ጋር ማወዳደር ሁለት የተለያዩ ሰዎችን እንደ ማወዳደር ይቆጠራል፤ የነርቭ ማነቃቂያ የወሰደ ሰው የምላሽ ፍጥነቱ ስለሚለወጥ፣ ቤተ ሙከራዎችም ይህን አስቀድመው ይጠይቃሉ።

ደረጃ 2፦ ቀላሉ ልኬት

ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ፣ በልብዎ ከሁለት እስከ አምስት ሰከንድ እየቆጠሩና ቆጠራውን በየጊዜው እየለዋወጡ፣ ማስመሪያውን 13 ጊዜ ይልቀቁ። ጸሐፊው ተፈታኙ የያዘበትን ሴንቲ ሜትር ይመዝግብ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ውጤቶች ይተዉ፤ የቀሩትን 11 ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድረው ስድስተኛውን ይውሰዱ። አማካይ ማስላት የሚሻላቸው ሰዎች አሉ፤ ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ ሐሳቡ የተበተነ ተፈታኝ አማካዩን ስለሚያዛባው መሐል ላይ የሚገኘው ቁጥር የተሻለ ነው።

እኔ መጀመሪያ ስሞክረው የእኅቴ ልጅ ማስመሪያውን በስድስት ሴንቲ ሜትር ላይ ደጋግሞ ያዘና ቤተሰቡን ሁሉ አስደነቀ። ስድስት ሴንቲ ሜትር ወደ 110 ሚሊ ሰከንድ ያህላል፤ ማስመሪያው ሲወድቅ አይቶ ለሚይዝ እጅ ይህ ከመጠን በላይ ፈጣን ነው። ቀረብ ብዬ ሳየው ልጁ ማስመሪያውን ከቶ አልተመለከተውም፤ ዓይኑ የእኔ አውራ ጣት አንጓ ላይ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከመልቀቄ በፊት አንጓዬን ላላ አደርገው ኖሯል። ከዚያ በኋላ እጄን በነጠላ ጫፍ ሸፈንኩት፤ ልጁም ወደ 19 ሴንቲ ሜትር ወረደ። ከ8 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ውጤት ሲያገኙ ግምት መሆኑን ጠርጥረው ያስወግዱት።

ርቀቱን ወደ ጊዜ ለመቀየር፣ ሴንቲ ሜትሩን በ2 አባዝተው ለ980 ያካፍሉና በስልክዎ ማስያ የውጤቱን ካሬ ሥር ያውጡ፤ የሚያገኙት በሰከንድ ስለሆነ ወደ ሚሊ ሰከንድ ለመቀየር በ1000 ያባዙት። በዚህ ስሌት 15 ሴንቲ ሜትር 175፣ 20 ሴንቲ ሜትር 202፣ 30 ሴንቲ ሜትር 247፣ 50 ሴንቲ ሜትር ደግሞ 319 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ጣቶቹ እስኪገጥሙ የሚፈጀው ጊዜም በዚህ ውስጥ ተካቷል። ትእዛዙ ከአንጎል ወደ እጅ ለመውረድ 20 ሚሊ ሰከንድ ብቻ የሚበቃው ከሆነ፣ የቀረው አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው በማየት፣ በመምረጥና በመዘጋጀት ነው።

ደረጃ 3፦ ምርጫ መጨመር

አሁን በሁለቱም እጆችዎ ማስመሪያ ይያዙ፤ ተፈታኙም ሁለቱንም እጆቹን ያዘጋጅ። አንዱን ብቻ ይልቀቁ። የትኛውን እንደሚለቁ ራስዎ እንዳይመርጡ፣ «ቀኝ» እና «ግራ» የተጻፈባቸውን የተጠቀለሉ ወረቀቶች ኮፍያ ውስጥ ከትተው በየተራው አንድ ያውጡ። ርቀቱ ከደረጃ 2 ይበልጣል፤ የሁለቱ ጊዜ ልዩነት ለመምረጥ የወጣ ዋጋ ነው። ይህን የመቀነስ ዘዴ ሆላንዳዊው ዶንደርስ እ.ኤ.አ. በ1868 ያቀረበው ሲሆን፣ እስከ ዛሬም ይሠራበታል።

ደረጃ 4፦ አስቀድሞ መንገር

የሙከራው ፍሬ ያለው እዚህ ነው። ልክ እንደ ደረጃ 3 ያድርጉ፤ ነገር ግን ከመልቀቅዎ አንድ ሰከንድ ያህል አስቀድመው «ቀኝ» ወይም «ግራ» ይበሉ። ተፈታኙ ቃሉን ሲሰማ መዘጋጀት ይፈቀድለታል፤ ማስመሪያው እስኪወድቅ ድረስ ግን ጣቱን ማንቀሳቀስ አይፈቀድለትም። ርቀቱ ወደ ደረጃ 2 ቅርብ ይመለሳል፤ ምርጫው አስቀድሞ አልቋልና።

በዚያች አንድ ሰከንድ ውስጥ እጁ ምን ያደርጋል? በዓይን ሲታይ ምንም። የማግኔቱን ምት በዚህች ጊዜ ውስጥ የጣሉ ተመራማሪዎች፣ የተመረጠው እጅ መንገድ እየተወጠረ እንደሚሄድ፣ ማለትም የጣቱ ንዝረት እየጨመረ እንደሚመጣ መጠበቃቸው ተገቢ ነበር። ያገኙት ተቃራኒውን ነው፤ ንዝረቱ ይቀንሳል። ባልተመረጠው እጅ ላይ ቢቀንስ ባልደነቀ ነበር፤ ሊንቀሳቀስ በተዘጋጀው በራሱ እጅ ላይም ይቀንሳል። መንገዱ የሚከፈተው የመነሻው ምልክት ከታየ በኋላ ሲሆን፣ ጡንቻው ከመነሣቱ በፊት ባሉት 100 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ውስጥ የተመረጠው እጅ ንዝረት በፍጥነት ያድጋል።

አንዳንዶች ይህን የሚያስረዱት እጁ ከጊዜው አስቀድሞ እንዳያመልጥ የተያዘ ልጓም ነው በማለት ነው። ሌሎች ደግሞ፣ አካባቢው ጸጥ ሲል የሚመጣው ትእዛዝ ይበልጥ ጎልቶ ይሰማል ይላሉ። ከጉልበት በታች ባለው ጅማት ላይ መዶሻ ሲመታ እንደሚታየው ያሉ፣ በኅብለ ሰረሰር በኩል ብቻ የሚያልፉ ምላሾችም በዝግጅት ጊዜ የተመረጠው አካል ላይ እንደሚቀንሱ ስለታየ፣ ልጓሙ ከፊሉ ከአንጎል በታች የተያዘ ይመስላል። ለእኔ ሁለቱ ሐሳቦች የሚጋጩ አይመስሉኝም፤ መዘውሩ ላይ እጁን ያደረሰው ሰፊ ሁለቱንም ያስፈልገዋል።

እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ ሥራ ደግሞ፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ፣ እንቅስቃሴው ከመጀመሩ በፊት የተጣለ ብርቱ ምት እንቅስቃሴውን እንደሚያዘገየው፣ ቅርጹን ግን እንደማይለውጠው አሳይቷል። የተሰናዳው ዕቅድ በምቱ አልተደመሰሰም፤ ቆይቶ እንዳለ ወጣ።

ደረጃ 5፦ «ተው»

ወደ አንድ ማስመሪያና አንድ እጅ ይመለሱ። 20 ወረቀቶች ኮፍያው ውስጥ ይክተቱ፤ 5ቱ ላይ «ተው» ይጻፉ። ባዶ ወረቀት ሲወጣ ዝም ብለው ይልቀቁ፤ «ተው» ሲወጣ በለቀቁበት ቅጽበት ቃሉን ይናገሩ፤ ተፈታኙም መያዝ የለበትም። ቃሉን ጸሐፊው ይናገር ማለት አይሠራም፤ እርሱ ማስመሪያው ሲወድቅ አይቶ እስኪናገር ድረስ ይመሻል። ሁለተኛ ዙር ሲያደርጉ ቃሉን ከመልቀቅዎ ጥቂት ቀደም፣ በሦስተኛው ደግሞ ጥቂት ዘግየት ያድርጉት። ሲቀድም መተው ይቀላል፤ ሲዘገይ እጁ ይይዛል። ሎጋንና ካውን እ.ኤ.አ. በ1984 ይህን የሂድና የቁም ሩጫ አድርገው ገልጸውታል፤ ቀድሞ የደረሰው ያሸንፋል። በቤተ ሙከራ ጤናማ ወጣት ለመቆም የሚፈጅበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 250 ሚሊ ሰከንድ ይገመታል፤ በእንጨት ማስመሪያ ግን ይህን ቁጥር ማውጣት ስለማይቻል፣ የተያዘውንና የተተወውን መቁጠር ይበቃል።

አንድ ማጭበርበር አለ። ተፈታኙ «ተው» ይመጣ እንደሆነ እያደባ ሊዘገይ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ሳያውቀው ያደርገዋል። በባዶዎቹ ወረቀቶች ላይ ያገኙት ርቀት ከደረጃ 2 በብዙ የሚበልጥ ከሆነ፣ እያደባ መሆኑን ነግረው ዙሩን ይድገሙ።

ማግኔቱ እዚህም የሚናገረው አለ። ሰው ጣቱን በድንገት ሲገታ፣ በሥራው ምንም ድርሻ የሌለው የእግር ጡንቻ መንገድ እንኳ ለጥቂት ጊዜ ይቀዘቅዛል፤ ድንገተኛው «ቁም» አካልን በጅምላ የሚይዝ ይመስላል። ሲገቱም ሁሉ እጁ ጨርሶ ያልተነሣ ነው ማለት አይደለም፤ በትክክል ከተተዉት መካከል በአንዳንዶቹ ጡንቻው ጥቂት ተኮማትሮ እንደተመለሰ ኤሌክትሮዶቹ ያሳያሉ። ስለዚህ ጸሐፊው ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ጣቶቹንም ይመልከት፤ ወረቀቱም «ያዘ» እና «ተወ» ከሚሉት ዓምዶች ሌላ «ጀምሮ ተወ» የሚል ሦስተኛ ዓምድ ይኑረው።