የብቸኛ ቁጥሮችን ማለቂያ አልባነት በቶፖሎጂ እንዴት ማረጋገጥ ይቻላል?

ብቸኛ ቁጥሮች (ፕራይሞች) ማለቂያ እንደሌላቸው ሂለል ፈርስተንበርግ እ.ኤ.አ. በ1955 ገና የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሳለ በቶፖሎጂ፣ ማለትም «ክፍት» እና «ዝግ» የሚባሉ ስብስቦችን በሚያጠናው የሒሳብ ዘርፍ፣ አረጋግጧል። መንገዱን ለመከተል ወረቀትና እርሳስ ይበቃል።

በመጀመሪያ ቀናትን ወደ ፊትም ወደ ኋላም በኢንቲጀር ይቁጠሩ። አንዱን ሰኞ ዜሮ ብንለው፣ ወሎዬ ሁሉ የሚያውቀው የባቲ ገበያ የሚውልባቸው ቀናት …፣ -14፣ -7፣ 0፣ 7፣ 14፣ … ይሆናሉ። እንዲህ በእኩል እርምጃ በሁለቱም አቅጣጫ ያለ ገደብ የሚሄደውን ስብስብ ድርድር እንበለው። «ክፍት» የምንለው ባዶውን ስብስብና የድርድሮች ኅብረት የሆነውን ሁሉ ነው፤ «ዝግ» የምንለው ደግሞ ከእሱ ውጭ የቀሩት ኢንቲጀሮች ክፍት ስብስብ የሚሆኑለትን ነው።

ቀጥሎ የሁለት ክፍት ስብስቦች የጋራ ክፍል ክፍት መሆኑን ያረጋግጡ። አንድ ቁጥር እርምጃቸው 4 እና 6 በሆኑ ሁለት ድርድሮች ውስጥ ካለ፣ ከእሱ ተነሥቶ በ12 እየተራመደ የሚሄደው ድርድር ከሁለቱም አይወጣም፤ በጠቅላላው ትንሹ የጋራ ብዜት ይሠራል።

ማረጋገጫው የሚቆመው ግን በሚከተለው ላይ ነው። ሰኞ ያልሆኑት ቀናት ከማክሰኞ እስከ እሑድ ያሉ ስድስት ድርድሮች ስለሆኑ ኅብረታቸው ክፍት ነው፤ ስለዚህ የሰኞዎች ድርድር ክፍትም ዝግም ነው፤ ሌላውም ድርድር ሁሉ እንዲሁ። በቶፖሎጂ ሁለቱ ቃላት ተቃራኒዎች አይደሉም።

አሁን የእያንዳንዱን ብቸኛ ቁጥር ብዜቶች ይሰብስቡ። ከ1 እና ከ-1 በቀር ማንኛውም ኢንቲጀር በአንድ ብቸኛ ቁጥር ስለሚካፈል፣ ከኅብረታቸው ውጭ የሚቀሩት እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ብቸኛ ቁጥሮች ውስን ቢሆኑ ኅብረቱ ቁጥራቸው ውስን የሆነ ዝግ ስብስቦች ኅብረት ሆኖ ዝግ ይሆን ነበር (ከእያንዳንዳቸው ውጭ ያሉት ክፍት ስለሆኑ የጋራ ክፍላቸውም ክፍት ነው)፤ ያን ጊዜ የ-1 እና የ1 ስብስብ ክፍት ይሆናል። ባዶ ያልሆነ ክፍት ስብስብ ግን ቢያንስ አንድ ሙሉ ድርድር ስለሚይዝ ሁለት አባል ብቻ ሊኖረው አይችልም። «ውስን» የሚለውን ቃል የዘለለ ተማሪ ማረጋገጫውን አጥቷል፤ ማለቂያ የሌላቸው ዝግ ስብስቦች ኅብረት ዝግ ላይሆን ይችላልና።

በእኔ ግምት ይህ የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ የዩክሊድ ማረጋገጫ በሌላ ልብስ ነው። 2፣ 3፣ 5 ብቻ ቢኖሩ፣ ከ1 ተነሥቶ በ30 የሚራመደው ድርድር ብዜቶቻቸውን ሁሉ ይሸሻል፤ 31ም እዚያው ነው።

በዚህ ቶፖሎጂ ብቸኛ ቁጥሮች ጥቅጥቅ (ባዶ ባልሆነ ክፍት ስብስብ ሁሉ ውስጥ የሚገኙ) አይደሉም፤ በ4 ብዜቶች ውስጥ አንድም የለም። ሰሎሞን ጎሎምብ እ.ኤ.አ. በ1959 ባጠናው ቶፖሎጂ ግን የአዎንታዊ ኢንቲጀሮች ድርድር የሚፈቀደው መነሻውና እርምጃው ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ከሌላቸው ብቻ ነው፤ በዚያ ብቸኛ ቁጥሮች ጥቅጥቅ ናቸው፣ ይህም የሚከተለው እንዲህ ባለ ድርድር ሁሉ ውስጥ ማለቂያ የሌላቸው ብቸኛ ቁጥሮች አሉ ከሚለው ከዲሪክሌ የ1837 ቲዎረም ነው።