ወተት ጭስ አያጥብም፦ በከባድ ብረቶችና በካንሰር ዙሪያ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ብየዳ ቤት ልግባ፣ ባትሪ ቤት ልግባ፣ ቆዳ ፋብሪካ ልግባ፣ የሥራ ደህንነት ባለሙያ መሆኔ እንደታወቀ የሚቀርብልኝ መልስ አንድ ነው፦ «ለልጆቹ ወተት እንሰጣለን»። የጭስ መሳቢያው አይሠራም፣ ግን ወተት አለ። ማስኩ ያረጀ ፎጣ ነው፣ ግን ወተት አለ። አንድ ፎርማንማ «ሌላው ወጪ ሁሉ ሲቀነስ ወተቱን አላቋረጥንባቸውም፣ ኢንጂነር» ብሎ በኩራት ነግሮኛል። ኢንጂነር አይደለሁም፣ እሱን ተዉት። ከወተቱ ልጀምር።

ወተትን መከላከያ ማድረግ

ሲበየድ የሚነሳው ጭስ ቀልጦ ከተነነ ብረት የሚሠራ ነው። አብዛኛው ቅንጣት ከአንድ ማይክሮን (ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺኛ) ያንሳል። አፍንጫ አይዘውም፣ አክታም አይጠርገውም፤ ብዙው ሳንባ ጫፍ ላይ ካሉት የአየር ከረጢቶች ድረስ ይዘልቃል። ወተት የሚወርደው ወደ ጨጓራ ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ የለም።

እምነቱ ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። በያጁ ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ቱቦ ሲበይድ ይውላል። ማታ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያተኩሰዋል፣ አፉ ብረት ብረት ይለዋል፤ ወባ የያዘው ይመስላል። ወተት ይጠጣል። በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ድኖ ሥራ ይገባል፣ ምስጋናውንም ወተቱ ይወስዳል። ያ የዚንክ ጭስ ትኩሳት ነው፤ ወተት ተጠጣም አልተጠጣ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። ዚንክ ደግሞ ካንሰር አምጪ ከሚባሉት ውስጥ የለም።

የሚያስፈራኝ ጭስ ሌላ ነው፣ እሱም አያንቀጠቅጥም። እስቴንለስ ሲበየድ የሚወጣው ነው። በገበያው 304 የሚባለው ዓይነት 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየም፣ 8 በመቶ ገደማ ኒኬል አለው። ሲበየድ ከክሮሚየሙ የተወሰነው ክሮሚየም ስድስት ወደሚባለው ቅርጽ ተለውጦ ከኒኬሉ ጋር በጭሱ ይወጣል፤ ክሮሚየም ስድስትም ሆነ የኒኬል ውህዶች የሳንባ ካንሰር ያመጣሉ። ልጆቹ ግን እስቴንለስን ይወዱታል። ዝገት የለው፣ ቀለም የለው፣ «ንጹሕ ብረት ነው» ይላሉ። ለጋልቫናይዝዱ ማስክ የሚፈልግ ልጅ እስቴንለሱን ፊቱን ገልጦ ሲበይድ አግኝቼዋለሁ። ያመመውን ፈራ፣ ያላመመውን ናቀ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2017 የብየዳ ጭስን በጠቅላላው፣ የጥቁሩን ብረትም (እስቴንለስ ያልሆነውን ተራ ብረት) ጨምሮ፣ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጠባቸው ነገሮች ተርታ መድቦታል።

ወተቱንም አልበድለው። ካልሲየምና አይረን ያልጎደለው ሰው በአፉ ከገባው እርሳስ አንጀቱ የሚመጠው መጠን ይቀንሳል። ወተት ምግብ ነው፣ ይጠጣ። ነገር ግን ባትሪ ሲፈታ የዋለ ልጅ እጁን ሳይታጠብ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ከዳቦ ጋር ሲጠጣው እርሳሱን ራሱ በጣቱ እያቀረበ ነው።

በወተቱ ገንዘብ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ጭሱን ከሚነሳበት ቦታ የሚስብ መሳቢያ። ከበስተኋላ የሚነፍስ ተራ ቬንትሌተር ጭሱን ወደ ጎረቤቱ በያጅ ከመግፋት በላይ ብዙም አይፈይድም። ቀጥሎ አቋም፤ ጭሱ ሲወጣ አናታችሁ ከላዩ እንዳይሆን። ከዚያ በኋላ ማስክ፣ እሱም ቢያንስ ኤን95 ወይም ኤፍኤፍፒ2 የሚባለው፣ ጥቃቅን ቅንጣት የሚያጣራው ዓይነት። የሕክምናው ሰማያዊ ማስክ ለዚህ አልተሠራም፣ ፎጣም አልተሠራም። ይህን ማቅረብ ደግሞ የአሠሪው ቸርነት አይደለም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የጣለበት ግዴታ ነው።

ብረቱን ሁሉ በአንድ ከረጢት መክተት

«ከባድ ብረት ካንሰር ያመጣል» የሚለው አነጋገር አይረዳም። የትኛው? በምን ቅርጽ? በየት በኩል ገብቶ? በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው የተረጋገጠባቸው አርሴኒክ፣ ካድሚየም፣ ክሮሚየም ስድስት፣ የኒኬል ውህዶችና ቤሪሊየም ናቸው። እርሳስ በጥርጣሬ ደረጃ ያለ ነው፤ በእርሳስ ጉዳይ ካንሰርን የሚያስቀድም ሰው ዋናውን ያልፈዋል፣ እሱም የልጆች አእምሮ፣ የደም ግፊትና ኩላሊት ነው። ወርቅ ለማውጣት የሚቃጠለው ሜርኩሪም እንዲሁ፣ መጀመሪያ የሚነካው ነርቭና ኩላሊትን ነው።

ክሮሚየም ላይ ስህተቱ ይብሳል። ሞጆም ሆነ አዲስ አበባ ያሉት ቆዳ ፋብሪካዎች በብዛት የሚያለፉት በክሮሚየም ሦስት ነው። ይህ ሴል ውስጥ በቀላሉ አይገባም። ስድስቱ ግን ቅርጹ ሰውነት የሚፈልገውን ሰልፌት ስለሚመስል ሴሉ ራሱ በሩን ከፍቶ ያስገባዋል። ውስጥ ከገባ በኋላ ወደ ሦስት ይለወጣል፤ ሲለወጥ ዲኤንኤውን ያቆስላል፣ ከተለወጠም በኋላ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። ታዲያ «የኛው ሦስት ነው» ብሎ መተኛት አይቻልም፤ የቆዳ ቁርጥራጭ ሲቃጠል ሦስቱ ወደ ስድስት ሊቀየር ይችላል። ቁርጥራጩን ማገዶ የምታደርጉ፣ ተዉት።

ሌሎቹ መንገዳቸው ለየቅል ነው። አርሴኒክ ዲኤንኤን በቀጥታ ከመስበር ይልቅ ጥገናውን ያሰናክላል። ካድሚየም በጥገና ፕሮቲኖች ላይ የዚንክን ቦታ ይቀማል። ኒኬል ደግሞ የትኛው ዘረመል ይሥራ፣ የትኛው ይተኛ የሚለውን ያዛባል። አርሴኒክ ትሪኦክሳይድ በሐኪም እጅ አንድን የደም ካንሰር ዓይነት የሚያክም መድኃኒት መሆኑንም የሚያውቅ ሰው፣ ቅርጽና መጠን ለምን እንደምደጋግም ይገባዋል።

«ሃያ ዓመት ሠርቼ ምን ሆንኩ?»

ይህን የሚለኝን ሁሉ ወደ ቺሊ እወስደዋለሁ። አንቶፋጋስታ የምትባል በበረሃ ዳር ያለች የወደብ ከተማ ውሃ ሲያጥራት እ.ኤ.አ. በ1958 ከተራራ የሚወርድ ወንዝ ተጠልፎ ገባላት። ውሃው ጥርት ያለ ነበር፤ በሊትር 860 ማይክሮግራም ገደማ አርሴኒክ ነበረበት። የዓለም ጤና ድርጅት የዛሬ ገደብ 10 ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማ ማጣሪያ ተተከለና መጠኑ ወረደ። የሳንባና የፊኛ ካንሰር ሞት ግን አልወረደም። ውሃው ከጸዳ በኋላ እየጨመረ ሄዶ ጣሪያውን የነካው በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ነው፤ በልጅነታቸው የጠጡትን ደግሞ ጎልማሳ ሆነው አግኝቷቸዋል። እናም ዛሬ ደህና መሆናችሁ ዛሬ ስለምትተነፍሱት ነገር የሚናገረው የለም።

የምርመራ ወረቀት የሚያሳየኝም አለ። በደም ያለ እርሳስ በዋናነት ያለፉትን ሳምንታት ነው የሚናገረው፣ በሽንት ያለ አርሴኒክ ጥቂት ቀናትን ብቻ። ሥራ አቁሞ ከሦስት ወር በኋላ ተመርምሮ «ነጻ ነኝ» ማለት ወረቀቱ ያልጻፈውን ማንበብ ነው።

ውሃን አፍልቶ መተማመን

ማፍላት ጀርም ይገድላል። አርሴኒክ ጀርም አይደለም፤ ውሃው ሲተን እሱ ይቀራል፣ በቀረው ውሃ ውስጥም ይበረታል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ፍሎራይድ ያለበት ጉድጓድ እንዳለ ሁሉም ያውቃል፣ ጥርስ ላይ ይታያልና። አንዳንዱ የዚያው አካባቢ ጉድጓድ ከገደቡ ያለፈ አርሴኒክም እንዳለበት የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ላብራቶሪ ካልሆነ አይታወቅም። ጉድጓድ ስታስቆፍሩ ከፍሎራይዱ ጋር እሱንም አስመርምሩ።

የአቃቂ ጎመን ነገር በየጊዜው ይነሳል። በፋብሪካ ፍሳሽ በተበከለ ወንዝ የበቀለ ጎመን ወይም ሰላጣ ሲታጠብ የሚለቀው ላዩ ላይ ያለው አፈር ነው፤ በሥሩ ገብቶ ቅጠሉ ውስጥ የተቀመጠው ካድሚየምና መሰል ብረት አይታጠብም። ቅጠላ ቅጠል በአብዛኛው ከቲማቲምና ከመሰሉ ፍሬዎች የበለጠ ይሰበስባል። ይህን ሰምተው አትክልት እርግፍ አድርገው የሚተዉ አሉ፤ እሱ ደግሞ የባሰ ነው። ከየት እንደመጣ ጠይቃችሁ ግዙ።

የቀሩትን ባጭሩ። ስለ ጎመኑ ካድሚየም ሲጋራ እያጨሰ የሚከራከረኝ ሰው ያስቀኛል፤ የትምባሆ ተክል ካድሚየምን ከአፈር አጥብቆ ይስባል፣ ሲጋራውም በቀጥታ ለሳንባ ያደርሰዋል። ቱታን በኮምፕረሰር አየር ማራገፍ በስንት መከራ የረጋውን አቧራ መልሶ መተንፈስ ነው። ያንኑ ቱታ ለብሶ ቤት ገብቶ ልጅ ማቀፍስ? ልብሱን እዚያው ቀይሩ፣ ለብቻው ይታጠብ። ብር ሠሪዎች፣ አንዳንዱ የብር መበየጃ ካድሚየም አለበት፤ ካድሚየም የሌለበት መሆኑን ሳታረጋግጡ አታቅልጡት፣ ጭሱ ካንሰሩ እስኪደርስ እንኳ ሳይጠብቅ በቀናት ሊገድል ይችላል።

«ብረት ከሰውነት ያጸዳል» ተብሎ የሚሸጠውን ሁሉ ተዉት። ብረትን ከደም የሚያወጡ እውነተኛ መድኃኒቶች አሉ፤ በሐኪም ክትትል ለተመረዘ ሰው የሚሰጡ ናቸው። የተሳሳተው ዓይነት ተሰጥቷቸው ካልሲየማቸው ወርዶ አሜሪካ ውስጥ ሕጻናት ሞተዋል።

አንድ የቀረ አለ። ሆስፒታል ሄዶ «ሥራህ?» ሲባል «የግል» ብሎ መመለስ። ካርዱ ላይ «የግል» ተብሎ ይጻፋል፣ ሐኪሙም ሳሉን እንደማንኛውም ሳል ያክመዋል። በያጅ ነኝ በሉ። ምን ስትበይዱ እንደኖራችሁ፣ ጥቁር ብረት ይሁን እስቴንለስ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ቤቱ መስኮት እንደነበረው ተናገሩ። ሽንታችሁ ላይ ደም ካያችሁ ወይም ሳል ከሁለት ሳምንት ካለፈ ይህንኑ ከመጀመሪያው ንገሩት፣ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም።