የጦር ሜዳ ፎቶ ጋዜጠኛን ታሪክ በዘጋቢ ፊልም እንዴት መሥራት ይቻላል?

በጦርነት መሃል የሠራን ፎቶ ጋዜጠኛ ታሪክ ለመቅረጽ ጦር ሜዳ መውረድ አያስፈልግም። ሰውየው ያነሳቸው ፎቶዎች ካሉ፣ ቁጭ ብሎም ሊያስረዳቸው ፈቃደኛ ከሆነ፣ ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ባለ አንድ ክፍል ውስጥ የ20 ደቂቃ ፊልም ይወጣል። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ጦርነቱን በተኩስ ድምፅና በሙዚቃ ለማሳየት ሲጣጣሩ ነው። ተመልካቹን የሚይዘው ግን ይህ ሰው ያችን ፎቶ ሲያነሳ የት እንደቆመና ለምን እሷን እንደመረጠ ማወቁ ነው።

1. ፎቶዎቹን ይምረጡ

ከ5 እስከ 7 ፎቶ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ፎቶ ከእሱ በፊትና በኋላ የተነሱትንም ይጠይቁ። የታተመው አንዱ ነው፤ ሰውየው ሲጠጋ፣ ሲያመነታ፣ ወደ ኋላ ሲል የሚታየው በቀሩት ላይ ነው። ነጋቲቭ ከሆነ የተመረጠውን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን የፊልም ቁራጭ ስካን ያድርጉ። ዲጂታል ከሆነ ፋይሎቹን በቁጥራቸው ቅደም ተከተል ይደርድሩ። መሃል ላይ ቁጥር ከዘለለ የተሰረዘ ሊኖር ስለሚችል ምክንያቱን ይጠይቁ።

10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነን የታተመ ፎቶ በ600 ዲ.ፒ.አይ. (በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉ ነጥቦች ብዛት)፣ የ35 ሚሊ ሜትር ነጋቲቭን ቢያንስ በ2400 ዲ.ፒ.አይ. ስካን ያድርጉ። በ2400 የሚወጣው ምስል ስፋቱ 3400 ፒክስል ገደማ ነው። ፊልሙ 1920 በ1080 ከሆነ አንድ ተኩል እጥፍ ቢጠጉበትም አይደበዝዝም። ስካነር ከሌለ ፎቶውን ከመስታወቱ አውጥተው ጠፍጣፋ ነገር ላይ ያስቀምጡ፤ በግራና በቀኝ በ45 ዲግሪ ሁለት እኩል መብራት ያድርጉና ካሜራውን ቀጥ አድርገው ከላይ ያንሱ። ፍላሽ አይጠቀሙ፤ ያንጸባርቃል። ነጋቲቭ የሚያዘው በጠርዙ ብቻ ነው። አቧራውን በአየር መንፊያ ያስወግዱ እንጂ በእርጥብ ጨርቅ አይጥረጉት።

2. ሰዓቱንና ዘመኑን ያስታርቁ

እዚህ ላይ ብዙ ፊልም ይሳሳታል። ካሜራው 09:00 ብሎ የመዘገበውን ባለታሪኩ «ጠዋት 3 ሰዓት» ይለዋል። የካሜራው ሰዓት በሌላ አገር አቆጣጠር ተሞልቶ ከነበረ ደግሞ ልዩነቱ ይጨምራል። ዓመቱም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ በ7፣ ከዚያ በኋላ በ8 ይለያል። ሦስት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ያዘጋጁ፦ ካሜራው የመዘገበው፣ ባለታሪኩ የተናገረው፣ የተጣራው። በስክሪን ላይ የሚጻፈው ሦስተኛው ብቻ ነው።

3. ፈቃድ በጽሑፍ ይያዙ

ያነሳው ሰው ሁልጊዜ የፎቶው ባለመብት አይደለም፤ መብቱ የአሠሪው የዜና ተቋም ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ይህን ያጣሩ። በፎቶው ላይ ያሉት ሰዎች በሕይወት ካሉና ሊገኙ ከቻሉ እነሱንም ይጠይቁ። ሕፃን ከሆነ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይጠየቃል። ፎቶው አንድን ሰው ዛሬ አደጋ ላይ የሚጥለው ከሆነ ፊቱን ይሸፍኑ፣ የመንደሩን ስም ይተዉ፣ ከፋይሉ ላይም የቦታ መረጃውን ያጥፉ። ጥርጣሬ ካለ ፎቶው ይቅር። ፊልሙ ከሰው ደኅንነት አይበልጥም።

4. ክፍሉን ያዘጋጁ

ካሜራውን በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል)፣ ሹተሩን፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ ላይ ያድርጉ። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ስልኮች ብዙ ጊዜ በሚመጡበት 30 ፍሬም ሲቀረጽ አንዳንድ መብራቶች ይርገበገባሉ።

ዋናው ጣጣ ድምፅ ነው። ጎጃም ውስጥ በክረምት ቆርቆሮ ቤት መቅረጽ ከባድ ነው፤ ዝናቡ ጣሪያውን ሲመታ ንግግሩን ይውጠዋል፣ በኋላም በቅንብር አይጠራም። ከመስከረም በኋላ ይያዙት፤ ካልሆነም ኮርኒስ ያለው ክፍል ይፈልጉ። ባዶ ግድግዳ ያስተጋባል፤ ከካሜራው ጀርባ ብርድ ልብስ ይስቀሉ። የልብስ ማይክ ከአገጭ በታች አንድ ስንዝር ላይ ይሰካል። ባለታሪኩ ጋቢ ከለበሰ ማይኩን ከሸሚዙ ላይ ያድርጉትና ጋቢው እንዳይነካው ይግፉት፤ አለበለዚያ ሲንቀሳቀስ ሁሉ ይንኮሻኮሻል። የድምፁ ከፍታ ቆጣሪው ላይ ከ−12 ዴሲቤል አይለፍ። በመጨረሻም ሁሉም ዝም ብሎ የክፍሉን ድምፅ ለ1 ደቂቃ ይቅረጹ፤ ሲቆርጡና ሲቀጥሉ ያስፈልግዎታል።

5. ቃለ መጠይቁ

ፎቶውን በትልቁ አሳትመው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡለት። ሁለተኛ ካሜራ ወይም ስልክ ከላይ ሆኖ እጁን ይቅረጽ። ሰው ስለ ጦርነት ሲናገር ፊቱን ይቆጣጠራል፣ ጣቱ ግን ፎቶው ላይ የት እንደሚያርፍና የትኛውን ጥግ እንደሚዘል ይታያል።

«ምን ተሰማዎት?» ብለው አይጀምሩ። «የት ቆመው ነበር? የትኛውን ሌንስ ይዘው ነበር? ከግራዎ ማን ነበር? ምን ይሰማ ነበር?» ይበሉ። ስሜቱ ከዚያ ውስጥ ራሱ ይመጣል። ዝም ሲል አይሙሉበት፤ በልብዎ እስከ 10 ይቁጠሩ። ከባዱን ፎቶ መጀመሪያም መጨረሻም አያድርጉት። በየ40 ደቂቃው ይረፉ። «ይብቃኝ» ካለ ካሜራው ወዲያው ይጠፋል፤ ይህንንም ከመጀመራችሁ በፊት ይንገሩት።

አብረውት የነበሩትንም ይጠይቁ፦ ሾፌሩን፣ አስተርጓሚውን፣ መንገድ መሪውን። ስማቸው ከፎቶው ሥር አይጻፍም፣ አደጋው ግን እኩል ነው። ኬንያዊው መሐመድ አሚን በ1977 ዓ.ም. የኮረምን ረሃብ ለዓለም ያሳየ ባለሙያ ነው። በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት ግምጃ ቤት ሲፈነዳ ክንዱን አጣ፤ አብሮት የነበረው የድምፅ ባለሙያ ግን ሕይወቱ አለፈ። አሚን በሰው ሠራሽ ክንድ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ የሞተው በ1989 ዓ.ም. በተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ላይ ነው። ኮረም ላይ ብቻ የሚያቆም ፊልም ከዚህ ሁሉ አንዱንም አይነግርም።

6. ቅጂና ቅንብር

በሰከንድ 50 ሜጋ ቢት ሲቀረጽ አንድ ሰዓት 22 ጊጋ ባይት ገደማ ይወስዳል። በዕለቱ ሦስት ቅጂ ይያዙ፤ አንዱ ሌላ ቤት ይደር። መብራት መሃል ላይ ሲጠፋ በመገልበጥ ላይ ያለ ፋይል ስለሚበላሽ ባትሪው በሞላ ላፕቶፕ ይገልብጡ። ፋይሎቹን ከፍተው ሳያዩ ካርዱን አያጥፉ።

በቅንብር ጊዜ እያንዳንዱን ፎቶ ቢያንስ 6 ሰከንድ ያቁሙት፤ መጀመሪያ ሙሉውን፣ ከዚያ ዝርዝሩን። ከሥሩ ያልነበረ የተኩስ ድምፅ አይጨምሩ፤ ማስረጃን ማበላሸት ነው። ረቂቁን ለባለታሪኩና ለፈቀዱት ሰዎች ያሳዩ፤ የስምና የቀን ስህተት ያርሙልዎታል። ከዚያ በተራ ቴሌቪዥን፣ ድምፁን ዝቅ አድርገው ይዩት፤ የማይሰማ ንግግር ካለ ከሥሩ ጽሑፍ ያስገቡ።